«ይህን ከየትኛው ቃል አመጣሽው?»

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። በክፍሌ 64 ተማሪዎች አሉ። አንድ አጭር ልቦለድ አንብበን ስንጨርስ ‹ያነበባችሁትን በሥዕል ግለጹ› አልኳቸው። ግማሾቹ ሁለት ተራራ፣ በመሀል ፀሐይ፣ ከሥር ጎጆ ሥለው አመጡ። ልቦለዱ ውስጥ ተራራም ጎጆም የለም። ሌሎቹ ከስልክ ላይ ገልብጠው መጡ። የቀሩት ‹ቲቸር፣ እኔ ሥዕል አልችልም› ብለው ባዶ ወረቀት መለሱልኝ። ቀለምና ብሩሽ መግዣ የለንም። አንዳንድ ወላጆች ደግሞ ልጆቻቸው ሰው እንዲሥሉ አይፈልጉም። ማርክ እንዴት እንደምሰጥም አላውቅም። እኔ ራሴ መሣል አልችልም። ልተወው ወይስ መላ አለው?»

መምህርት፣ እንዳትተዪው። መላ አለው። «እርስዎ» ብለሽ ጽፈሽልኛል፤ ሁለታችንም የድሬ ሰዎች ስለሆንን አንቱታውን እንተወው። አንቺ እያልኩ ልመልስልሽ። ሥዕል ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ገሚሱን ሐረር፣ ገሚሱን እዚሁ ድሬ። ያንቺን ጥያቄ ከብዙ የቋንቋ መምህራን ሰምቼዋለሁ።

ከተራራውና ከፀሐዩ ልጀምር። ያቺን ሥዕል እኔም ልጅ ሆኜ ሥያታለሁ። አንቺም ሳትሥያት አልቀረሽም። ልጁ ያቺን የሣላት ልቦለዱ ስላልገባው አይደለም። «ሥዕል» የሚለውን ቃል ሲሰማ እጁ የለመደውን አወጣ። «ድርሰት ጻፉ» ሲባል «ትምህርት ለአንድ አገር እድገት ወሳኝ ነው» ብሎ እንደሚጀምረው ማለት ነው። እጅ የለመደው ነገር ከአእምሮ ይቀድማል።

ችግሩ ያለው ትእዛዙ ላይ ነው። «ያነበባችሁትን ሣሉ» በጣም ሰፊ ነው። ልቦለዱ አሥር ገጽ ነው፣ ወረቀቱ አንድ ነው። ልጁ አሥሩን ገጽ አንድ ወረቀት ላይ ሊያጭቀው አይችልም። ስለዚህ ልቦለዱን ይተወውና ወደሚያውቀው ይሄዳል። ስለዚህ ታሪኩን እንዲሥሉ አትጠይቂ። አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲሥሉ ጠይቂ። ከዚያም ጠበብ አድርጊውና አንድ ቃል እንዲሥሉ ጠይቂ።

ምን ማለቴ እንደሆነ በምሳሌ ላሳይሽ። ለዚሁ ሥራ ብዬ ራሴ የጻፍኳት ትንሽ ጽሑፍ አለች።

«አባቴ በማታው ባቡር ይመጣል ተባለ። እናቴ ቤቱን አጠነች፣ ቡና አፈላች፣ ስድስት ሲኒ ደረደረች። ባቡሩ ጮኸ። ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ጣቢያ ሮጠ። ማታ ላይ እናቴ ሲኒዎቹን አንድ በአንድ አጥባ መለሰች። አንዱን ግን አልነካችውም።»

ይህችን ለአንድ የ9ኛ ክፍል አነበብኩላቸው። መጀመሪያ «ሣሉ» ብቻ ብዬ ለቀቅኳቸው። የመጣልኝ ባቡር ነው። ባቡር፣ ባቡር፣ ባቡር። የድሬ ልጅ ባቡር ዓይኑን ጨፍኖ ይሥላል። ከተማዋ ራሷ ሐዲዱ እዚህ በደረሰበት በ1902 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረች ናት፤ አይፈረድባቸውም። ግን ሥዕሎቹ ውስጥ ያቺ እናት የለችም። መጠበቅ የለም። የሌላው ሰው ባቡር ነው የሣሉት።

ወረቀቱን ሰበሰብኩ። እርሳስ አስቀመጥን። ጽሑፏን እንደገና ቀስ ብዬ አነበብኩ። «ልባችሁ ውስጥ የቀረች አንዲት ቃል ላይ አስምሩ» አልኳቸው። አንዱ «ጮኸ» አለ። አንዱ «ሮጠ» አለ። ከኋላ የተቀመጠች፣ ብዙ የማትናገር ልጅ «አልነካችውም» የሚለው ላይ አሰመረች። ከዚያ ቀና አለችና «አቦ ቲቸር፣ አለመንካት እንዴት ይሣላል?» አለችኝ።

እኔ መልስ አልሰጠኋትም። መልስ ብሰጣት ኖሮ የእኔን ሥዕል ነበር የምትሥለው። «እናትየው ምን ነካች፣ ምን አልነካች?» ብቻ ብዬ ሄድኩ።

በማግሥቱ ከቤቷ ሲኒ ይዛ መጣች። የቡና አተላ በትንሽ ጣሳ ይዛለች። የሲኒውን ቂጥ ቡናው ውስጥ ነከር እያደረገች ወረቀቱ ላይ አተመች። አንድ ክብ። ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ገርጣ ያለ ጥላ ቀረ። ሁለተኛውን አተመች፣ ጠረገች። አምስቱን እንዲህ አደረገች። ስድስተኛው ላይ ቡናውን በማንኪያ ክቡ ውስጥ ጠብ አደረገችና ተወችው። ሳትነካው እስኪደርቅ ጠበቀች። ቡና ሲደርቅ ደቃቁ ወደ ጠርዙ ስለሚሄድ ዳሩ ይጠቁራል። መሀሉ ቀላ ብሎ፣ ዙሪያው እንደ ከሰል ጠቁሮ ቀረ። በቃ፣ ሥዕሉ ይኸው ነው። አምስት የታጠቡ ክቦች፣ አንድ ያልተነካ።

«ይህን ከየትኛው ቃል አመጣሽው?» አልኳት። አምስቱን እያሳየች «አጥባ» አለች። ስድስተኛውን እያሳየች «አልነካችውም» አለች። ሥዕሉ ውስጥ ባቡር የለም፣ እናት የለችም፣ አባት የለም። ታሪኩ ግን አለ። የመጠበቁ ክብደት አለ። ያቺ ልጅ ከዚያ በፊት ባዶ ወረቀት ከሚመልሱት አንዷ ነበረች።

«ከየትኛው ቃል አመጣሽው?» የምትለው ጥያቄ ለእኔ የሥራው ሁሉ መክፈቻ ናት። እየዞርሽ ይህችን ብቻ ጠይቂ። ቀይ ቀባ፤ ከየትኛው ቃል? መስመሩን ሰያፍ አደረገው፤ ከየትኛው ቃል? «ለማሳመር ነው» ካለሽ አትቆጪው። «እሺ፣ ጽሑፉ ውስጥ ፈልገህ ካገኘህለት ይቆይ፣ ካጣህለት አውጣው» በይው። ልጁ ወደ ጽሑፉ ይመለሳል። ሦስቴ፣ አራቴ፣ አምስቴ ያነባል። የአማርኛ መምህር ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች?

ጥያቄዋ መልስ ካገኘች በኋላም ሥራ አላት። በዚያው ክፍል አንድ ልጅ ወረቀቱን ጠቅላላ በከሰል አጠቆረው። «ከየትኛው ቃል?» ስለው «ማታ ላይ ከሚለው» አለኝ። ጥሩ። «ግን ‹ማታ ላይ› እና ‹እኩለ ሌሊት› አንድ ነው?» አልኩት። አሰበና «አይደለም፣ ማታ ላይ ገና ትንሽ ብርሃን አለ» አለ። የዳቦ ልብ ሰጠሁት። ለስላሳውን የዳቦ ውስጥ ድብልብል አድርገሽ ከሰል ላይ ብትጫኚው ከሰሉን ያነሳል፤ ከላጲስ ይሻላል፣ ወረቀቱንም አይቀድም። አንድ ጥግ ላይ ቀስ እያለ ብርሃን አወጣ፣ በር የተከፈተ መሰለ። ሁለት ቃላት መሀል ያለውን ልዩነት በእጁ አገኘው።

አሁን ስለ ክፍሉ አካሄድ። የመጀመሪያው 40 ደቂቃ ላይ ምንም አይሣልም። ጽሑፉ አጭር ይሁን፤ ረጅም ልቦለድ ከሆነ አንድ አንቀጽ ቆርጠሽ አውጪ። አንዴ አንቺ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢ። አንዴ እነሱ በልባቸው ያንብቡ። በሦስተኛው እያንዳንዱ ተማሪ የመረጣትን ቃል ብቻ ድምፁን አውጥቶ ይበል። 64 ቃል ከ64 አፍ ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር ይፈጠራል፤ ራስሽ ታይዋለሽ። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ከወረቀቱ ጀርባ ይጻፉት። ሥዕሉ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ነው። ለሥዕሉ አራት አራት አድርገሽ አስቀምጫቸው፤ ጣሳው የጋራ፣ ወረቀቱ የየራሳቸው።

ናሙና ሥዕል አታሳዪ። ይህን አጥብቄ ነው የምለምንሽ። አንድ ካሳየሽ 64 ቅጂ ይመጣልሻል። ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ ግን ስለ መገልበጡ ብዙ አትጨነቂ። «ባቡር» ብለው ስልክ ላይ ቢፈልጉ ሺህ ባቡር ይመጣላቸዋል። «አልነካችውም» ብለው ቢፈልጉ የሚገለበጥ ነገር አያገኙም። ጥያቄው ሲጠብ መገልበጡ ራሱ ይቀራል።

ወደ ግጥም ልምጣ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ክፍል ነው፤ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

በቋንቋችን «ቀለም» የሚለው ቃል ስንት ነገር እንደተሸከመ አስተውለሻል? ሠዓሊው የሚቀባው ቀለም ነው። ጸሐፊው ብዕሩን የሚነክርበት ቀለም ነው። ትምህርት ራሱ ቀለም ነው፤ «ቀለም የዘለቀው» እንላለን። የግጥም መለኪያውም ቀለም ነው። አንቺ ይህን በየዓመቱ ታስተምሪዋለሽ፤ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት ስንኙ ስድስትና ስድስት ሆኖ በ12 ቀለም ይመታል። ልጆቹ ይሸመድዱታል፣ ለፈተና ይቆጥሩታል፣ ይረሱታል። እኔ የምለው ቀለሙን በቀለም ይቁጠሩት ነው።

ለመልመጃ ያህል ይህችን ጻፍኩልሽ፦

ባቡሩ ሲጮህ ነው፣ ደጄን የከፈትኩት፤
ሲኒው ቀዝቅዞ ነው፣ ቡና የደፋሁት።

ድምፅሽን አውጥተሽ ቁጠሪ። ባ፣ ቡ፣ ሩ፣ ሲ፣ ጮህ፣ ነው። ስድስት። «ህ» በ«ጮ» ላይ ተደግፋ ስለምትነበብ ለብቻዋ አትቆጠርም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ደግሞ ሲ፣ ኒው፣ ቀዝ፣ ቅ፣ ዞ፣ ነው። እዚህ «ዝ» ተደግፋለች፣ «ቅ» ግን በራሷ ቆማለች። እንደ «ህ»፣ «ዝ» እና «ቅ» ያለች ሳድስ የምትቆጠረው መቼ ነው፣ የማትቆጠረው መቼ ነው የሚለው ነገር ተማሪዎችን ሁልጊዜ ያደናግራል። በመቀስ ሲሠሩት ግን ይገባቸዋል። እያንዳንዱ ቀለም አንድ ቁራጭ ወረቀት ወይም ጨርቅ ይሁን። ተደግፋ የምትነበበዋ ሳድስ የራሷ ቁራጭ የላትም፤ የተደገፈችባት ቁራጭ ጠርዝ ላይ ጠቆር ያለች መስመር ትሁን። ስድስተኛው ላይ ክፍተት ይተዉ፤ ትንፋሽ የሚወሰድበት ነው። ስንኙ የሚያርፍበት ቤት መምቻ በሁለቱም ስንኝ አንድ ዓይነት ቀለም ይያዝ።

ሲጨርሱ ወረቀቱ ላይ የሚታየው ነገር የሐረር የሣር ስፌት ይመስላል። ይህ አጋጣሚ አይደለም። ስፌትም ቆጠራ ነው። እናቷ ወይም አያቷ ስፌት የምትሰፋ ልጅ ክፍልሽ ውስጥ አትጠፋም። ያቺን ልጅ ወደ ፊት አውጫት። ስንት ቆጥራ ቀዩን እንደምታስገባ፣ ስንት ቆጥራ እንደምትቀይር ታስረዳቸው። አማርኛ ላይ ዝም የምትል ልጅ ስለ ምጣኔ መምህር ስትሆን አይቻለሁ።

ከዚያ ወደ ትርጉሙ ግቡ። ከላይ ባሉት ሁለት ስንኞች ውስጥ የመጀመሪያው ይከፈታል፣ ሁለተኛው ይደፋል። የመጀመሪያው ሞቃት ነው፣ ሁለተኛው ቀዝቃዛ። ምጣኔው ግን አንድ ነው። ያው 12፣ ያው ክፍተት። ታዲያ ሙቀቱ ሲለወጥ ቁራጮቹ ምን ይሁኑ? አንዱ ልጅ የታችኛውን ስንኝ ቁራጮች እርጥብ እያሉ ለጥፎ እንዲጨማደዱ አደረገ። ሌላዋ ከ«ቀዝ» ጀምራ እያንዳንዱን ከፊተኛው አገረጣችው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም ከየትኛው ቃል እንዳመጡት ይናገራሉ።

«እኔ የአማርኛ መምህርት እንጂ የሥዕል አይደለሁም» የሚል ስሜት ጥያቄሽ ውስጥ አየሁ። ገብረክርስቶስ ደስታን አስቢው። ሐረር የተወለደ ሰው ነው። ገጣሚ ነው፣ ሠዓሊ ነው። ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ አዲስ አበባ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ አስተማረ። በአገራችን ሰውና ዛፍ ሳይሥሉ በቅርፅና በቀለም ብቻ መናገርን ከጀመሩት ቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። አባቱ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ሰው ነበሩ። ልጁ ያደገው ፊደልና ሥዕል አንድ ገጽ ላይ ሲያድሩ እያየ ነው። ይህን ለተማሪዎችሽ ንገሪያቸው። ከድሬ ሐረር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። በደንገጎ ዳገት በሚኒባስ ወጥተው የሚደርሱበት ከተማ ይህን ሰው እንዳፈራ ሲሰሙ ጀርባቸውን ቀና ያደርጋሉ።

የድሮዎቹ የብራና ሠዓሊዎች የተጠቀሙባትን አንዲት ዘዴም ንገሪያቸው። ደጉን ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሥሉታል። ክፉውን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ማንበብ የማይችል ምዕመን እንኳ ማን ማን እንደሆነ ያውቃል። ያ ሠዓሊ ደጉን ሰው ቆንጆ አላደረገውም። ጽሑፉ ውስጥ ያለውን ፍርድ በአንድ ውሳኔ ገለጠው። ተማሪዎችሽም የራሳቸውን እንዲህ ዓይነት ሕግ ያውጡ። «በእኔ ሥዕል ውስጥ የሚዋሽ ሁሉ ጥላ የለውም» ያለኝ ልጅ ነበር። ከዚያ ጽሑፉን ገልብጦ ማን እንደሚዋሽ ሲፈልግ ዋለ።

ሰው መሣል ስለማይፈልጉት ወላጆች። እዚህ ድሬም ሆነ ሐረር ይህ የዕለት ተዕለት ነገራችን ነው፤ ክርክር ውስጥ አትግቢ። ልጆቹንም ለብቻ ነጥለሽ ሌላ ሥራ አትስጪ፤ ያ ያሳፍራቸዋል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሥራዎች ለሁሉም «ሰው የሌለበት ሥዕል» አድርጊው። ይህን የምልሽ ለሰላም ብቻ ብዬ አይደለም፤ ሥዕሉም ይሻሻላል። ልጆቹን «አልችልም» የሚያሰኛቸው በአብዛኛው ፊትና እጅ ነው። ፊት ሲቀር ፍርሃቱም ይቀራል። ደግሞም ልብ በይ፣ ሰው ሳይሣል ሰው ይታያል። የሐረሪን ባህላዊ ቤት አስቢ። መደቡ፣ ነደባው፣ ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ይታወቃል። የአባወራው ቦታ አለ። ልጁ ነደባውን ሥሎ የአባወራውን ቦታ ምንጣፍ አቧራ ካለበሰው አባት ቤት እንደሌለ ተናገረ ማለት ነው። በር ላይ ያለ አንድ እግር ጫማም እንዲሁ ይናገራል። ሐረር በቁርዓን ጽሑፍና በጥራዝ ሥራዋ የታወቀች ናት። በእነዚያ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ያለው ጌጥ አንድም ሰው ሳይኖርበት ዓይን ይይዛል። ሐረር የሚሄድ ሰው ካለ ሙዚየሙ ገብተው ይዩት።

ዕቃ የለንም ብለሻል። አለሽ።

ወረቀት ከግንባታ ቦታ ይገኛል። የሲሚንቶ ከረጢት ከላስቲክ የተሠራ አለ፤ አንቺ የወረቀቱን ፈልጊ። ብዙ ድርብ ነው። ሲሚንቶውን የነካውን የውስጡን ድርብ ጣይው፣ ሌላውን አንድ ትልቅ ሰው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ደጅ ያራግፈው። ልጆች እንዳያራግፉት፤ ብናኙ ለሳንባም ለቆዳም ጥሩ አይደለም። ያ ቡናማ ወረቀት ከነጭ ወረቀት የሚሻልበት ነገር አለው። ነጭ ወረቀት ያስፈራል። ቡናማው ላይ ጥቁሩም ነጩም ይታያል፤ ከሰል ጥላውን፣ ጠመኔ ብርሃኑን ይሠራል።

ቡና ዋናው ነው። አተላውን እንደገና አፍልተሽ አጥልይና በሦስት ጣሳ ክፈይው። አንዱን እንዳለ፣ አንዱን በውኃ አቅጥነሽ፣ አንዱን እሳት ላይ አክርረሽ። ሦስት ዓይነት ቡናማ አገኘሽ። የድሬን ሙቀት ሁላችንም እናማርራለን፤ ለዚህ ሥራ ግን በረከት ነው። ደጋ ላይ አንድ ቅብ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ እዚህ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስቴ ደራርበሽ መቀባት ትችያለሽ። ጠዋት ሥሩ፤ ከሰዓት ንፋሱ ወረቀት ያበራል።

ጥቁር ቀለም ከፈለግሽ ሻይ አክርረሽ አፍዪና የዛገ ምስማር ጨምረሽበት አንድ ሁለት ቀን አስቀምጪው። ይጠቁራል። የማይጠጣ መሆኑን ጣሳው ላይ ጻፊበት። ቢጫ ከእርድ ይወጣል፣ ግን ፀሐይ ያጠፋዋል፤ መስኮት አጠገብ አትስቀዪው። ቀይ አፈር ካገኘሽ ውኃ ውስጥ በጥብጪው፣ ጠጠሩ እስኪዘቅጥ ትንሽ ቆዪ፣ የደፈረሰውን ውኃ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጪ። እዚያ የሚዘቅጠው ደቃቁ ነው። እሱን አድርቀሽ በእንቁላል አስኳልና በእኩል ውኃ ብትለውሺው ወረቀት ላይ የሚይዝ እውነተኛ ቀለም ይሆናል። የዕለቱን ብቻ ለውሺ፣ በእኛ ሙቀት አያድርም። ኖራ እንዳትጠቀሚ፣ እጅ ይበላል። ብሩሽ ካጣሽ ጨርቅ በእንጨት ላይ እሰሪ። የጨርቅ ቁርጥራጭ ከልብስ ሰፊዎች በነፃ ይገኛል። ሐረር ቢሆን የሰፊዎቹ ሰፈር መኪና ግርግር ሄደሽ በማዳበሪያ ትሞዪ ነበር፤ ድሬም መጋላ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ሞልቷል። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ደግሞ አትርሺ። የዱቄት ሙጫ ላይ ሲነሰንሱት የሚሰጠውን ሻካራነት ምንም ቀለም አይሰጥም። «ጉሮሮው ደረቀ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በአሸዋ የሠራ ልጅ ነበረኝ። ሥዕሉን ሁሉም እየመጣ በጣቱ ይነካው ነበር።

ማርኩን ከ10 ብትይዢ እኔ እንዲህ እከፍለዋለሁ። ለዓረፍተ ነገሩ ምርጫ 3፤ ጽሑፉ ውስጥ የሚከብደውን ቦታ አግኝቷል ወይ? ከሥዕሉ ጋር ለሚያያዘው አጭር ጽሑፍ 4፤ ምን እንዳደረገ፣ ከየትኛው ቃል እንዳመጣው፣ ምን ሞክሮ እንደተወ በአራት አምስት ዓረፍተ ነገር። ለዕቃና ለቦታ አመራረጡ 3፤ ለምን በከሰል፣ ለምን ጥግ ላይ። ለእጅ ቅልጥፍና ማርክ የለም። ይህን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ክፍሉ ሲተነፍስ ትሰሚያለሽ። ተከታታይ ምዘና ውስጥ ለማስገባትም አያስቸግርም፤ ገሚሱ የጽሑፍ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ያጠፋሁትን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ክፍል አሥር «ምርጥ» ሥዕሎች መርጬ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። በሚቀጥለው ሥራ አሥሩ ልጆች ያንኑ ሥዕል ደገሙልኝ፣ የቀሩት ደግሞ የአሥሩን ገለበጡ። ያቺን ክፍል እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልመለስኳትም። ከዚያ ወዲህ ወይ ሁሉም ይሰቀላል፣ ወይ ምንም አይሰቀልም። በረንዳው ላይ ሲባጎ ወጥሪ፣ በልብስ መቆንጠጫ ያያይዙት። ዓረፍተ ነገሮቹን በተለያየ ብጣሽ ወረቀት ጽፈሽ ጠረጴዛ ላይ አድርጊ። የሌላ ክፍል ተማሪዎች መጥተው የትኛው ሥዕል ከየትኛው ዓረፍተ ነገር እንደመጣ ይፈልጉ። ሲሳሳቱ ደስ ይበልሽ፤ የሥዕሉ ባለቤትና የተሳሳተው ልጅ ስለ አንድ ግሥ ቆመው ሲከራከሩ ታያለሽ።

«ጎበዝ» እና «ቆንጆ ነው» የሚሉትን ቃላት ቆጥቢ። በጎ ቃላት ናቸው፣ ግን ወሬውን ይዘጋሉ። የልጁ ወረቀት ላይ በራስሽ እጅ አታርሚ። መስመሩ ቢጣመምም የእሱ ነው።

ሌላም አለ። ክፍልሽ ውስጥ ቤታቸው ሶማልኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሐረሪኛ የሚነገር ልጆች አሉ። አንድ ሥራ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤት ይሁን። አያታቸው የነገረቻቸውን ተረት በቤታቸው ቋንቋ ይስሙ፣ አንዲቱን ዓረፍተ ነገር በዚያው ቋንቋ ይጻፏት፣ ይሣሏት፣ ከዚያ በአማርኛ ያስረዱ። አማርኛቸው የሚፈታው ያኔ ነው፤ የሚናገሩት ነገር አላቸውና።

አንቺ መሣል አለመቻልሽ ለዚህ ሥራ እንቅፋት አይደለም። እንዲያውም የሥዕል መምህር ሳይታወቀው እጁን ያሳያል፣ ልጆቹም እጁን ይከተላሉ። አንቺ የምታውቂው ጽሑፉን ነው፤ የሚያስፈልጋቸውም እሱ ነው። ብቻ ወንበር ስበሽ አብረሻቸው ተቀመጪ። አንቺም አንድ ዓረፍተ ነገር ምረጪ፣ ጣትሽን ቡና ውስጥ ንከሪ። ልጆቹ «ቲቸር፣ ይህን ከየትኛው ቃል አመጣሽው?» ብለው ሲጠይቁሽ መልስ ይኑርሽ።

የእናትየዋን ጽሑፍ ከፈለግሽ ወስደሽ ተጠቀሚባት። ስለ ስድስቱ ክቦች ግን ለልጆቹ አትንገሪያቸው።